ያት ድልድዩ ላይ ድስት የጣደች ዕለት

ያት ስትስቅ ወንዝ ማዶ ይሰማል ይባል ነበር። ውሸት አይደለም። እኔ ጎረቤቷ ሲም ምስክር ነኝ፤ በእሷ ቤትና በእኔ ቤት መካከል ያለው ጥቂት የሙዝ ተክል ብቻ ነው። ችግሩ ያን ጊዜ ወንዝ ማዶ ያሉት ሰዎች ጠላቶቻችን መሆናቸው ነበር። ሳቋ ሲደርሳቸው በእነሱ ላይ የምትስቅ ይመስላቸውና አንዳንዴ ወደ ሰማይ ይተኩሳሉ። እሷም "ሰምተውኛል ማለት ነው" ትልና ሥራዋን ትቀጥላለች።

ሥራዋ የሩዝ ኑድል ነው። ሩዙን ማታ ትዘፈዝፋለች፣ በድንጋይ ወፍጮ ትፈጨዋለች፣ ውሃውን በጨርቅ አጥልላ ሊጡን ትወቅጠዋለች። ከዚያ ታቹ በተበሳሳ ቆርቆሮ ውስጥ አድርጋ የሚፈላ ውሃ ላይ ስትጫነው፣ ነጭ ክር እየሆነ ይወርዳል። የዓሣ መረቅ ታፈስበታለች፣ የሙዝ አበባና ኪያር ትከትፍበታለች። ስቱንግ ቶች በምትባለው መንደራችን ጠዋት ጠዋት የያትን ኑድል ያልበላ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲነጫነጭ ይውላል።

ባሏን ጥቁር ለባሾቹ አብዮተኞች አገሩን በያዙበት ዘመን ረሃብ ወሰደባት። አንድ ልጅ ቀራት፤ ቬት ይባላል፣ እንደ እናቱ ተጫዋች ነበር። እሱንም ለሚሊሻ መለመሉት። በጦርነቱ ጊዜ፣ ከመንደራችን ታች ባለው የወንዝ መሻገሪያ ላይ፣ ኋላ ማዶ የሰፈሩት ሰዎች አድፍጠው ገደሉት። አዛዣቸው ሎን የሚባል ሰው እንደነበር ሁሉም ያውቃል፤ ፊቱን ያየ ግን ከእኛ ውስጥ አልነበረም። ያት ልጇን በገዛ እጇ ገንዛ እንደ ልማዳችን ካስቃጠለች በኋላ ስለ እሱ አላወራችም። ጨረቃ ሙሉ በሆነች ቁጥር ብቻ ለነፍሱ ትንሽ ሩዝ በቅጠል ጠቅልላ ወደ ፈረሰው ገዳም ትወስዳለች። ስትመለስ ከማንም በላይ ትቀልዳለች። እኔ ያንን ቀልድ እፈራው ነበር።

ሎንና ሰዎቹ ብዙ ዓመት በድንበር በኩል ባሉት ካምፖች የኖሩ፣ ከመንግሥት ጋር ሲዋጉ የቆዩ ናቸው። ሰላም ተፈረመ ሲባል ቤተሰቦቻቸውን ይዘው ከድንበር ተመለሱ፤ የተሰጣቸው መሬት ደግሞ ከወንዙ ማዶ፣ ልክ ከፊታችን ነው። ሰላም ተፈርሟል፤ ጠመንጃውን ግን ማንም አላስቀመጠም። ድልድዩን እኛ በእኛ በኩል፣ እነሱም በእነሱ በኩል ሳንቃውን ነቅለንበት ግማሹ አጥንት ሆኖ ቀርቷል።

በዚህ መሐል አባ ኬት መጡ። ከጦርነቱ በፊት በመንደራችን የቡድሂስት ገዳም የመነኮሱ ናቸው። ጥቁር ለባሾቹ ልብሰ ምንኩስናቸውን አስወልቀው አፈር ሲያሸክሟቸው ኖረዋል። ገዳሙ ጣሪያ የለውም፤ ጨው ማከማቻ አድርገውት ግድግዳው ተበልቷል። እሳቸው ፕላስቲክ ወጥረው ሥሩ ተቀመጡ። ያት የመጀመሪያውን ሳህን ይዛላቸው ሄደችና እንዴት ከዚያ ዘመን እንደተረፉ ጠየቀቻቸው።

"ሩዝ እየሰረቅሁ" አሏት።

ያት ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደደቻቸው። ሌሎቹ መነኮሳት ስለ መከራቸው ሲያወሩ ቅዱስ መስለው ነው፣ እኚህ ግን ሰው ናቸው አለችኝ።

አዲስ ዓመት ሲቃረብ፣ ሙቀቱ አናት በሚበሳበት ወር፣ አባ ኬት ሰዉን ሰብስበው በዓሉን ማዶ ሄደው እንደሚያከብሩ ተናገሩ። የሚከተላቸው ካለ ይምጣ፣ ከሌለም ብቻቸውን ይሄዳሉ። የሚሊሻው አለቃ ድልድዩ ሆነ ተብሎ እንደተነቀለ አስረዳቸው።

"የነቀላችሁት መኪና እንዳያልፍ ነው" አሉት። "እኔ መኪና አይደለሁም።"

ጥቂት አሮጊቶችና ነጭ የለበሱ መነኩሲቶች ተነሡ። ያትም ሸክም እንጨቷን በትከሻዋ አድርጋ፣ በአንዱ ጫፍ ኑድል በሌላው መረቅ አንጠልጥላ ከቤት ወጣች። ደነገጥሁ። እጇን ይዤ እዚያ ምን እንዳላት ጠየቅኋት።

"የሎንን ፊት ማየት እፈልጋለሁ" አለችኝ። "ልጄን የገደለው ሰው ምን እንደሚመስል ሳላውቅ ልሙት እንዴ?"

ብቻዋን ልልካት አልቻልኩም። ተከተልኋት። በቀሩት ሳንቃዎች ላይ አንድ በአንድ፣ አባ ኬት ከፊት ጃንጥላቸውን ዘርግተው፣ ሴቶቹ ቀሚሳችንን ሰብስበን ተሻገርን። ታች ያለው ውሃ በበጋው ጎድሎ ጭቃ መስሏል።

በማዶው ጫፍ ጥበቃ ላይ የነበሩት ወታደሮች ጠመንጃ ደገኑብን። ቀጥሎም የመጡት መነኩሴ መሆናቸውን ሲያዩ ግራ ገባቸው። ከመካከላቸው አንዱ፣ ገና ጢም ያላበቀለ፣ ጠመንጃውን እንደያዘ ተንበርክኮ በጸበል እንዲረጩት ለመነ። አባ ኬት የውሃውን ጎድጓዳ ሳህን ከፍ አድርገው ቆም አሉ።

"እረጭህ ነበር፤ ግን ይኼ ውሃ ብረት ያዝጋል። መሣሪያህ ቢበላሽ አለቃህ እኔን ነው የሚቆጣው።"

ልጁ አሰበና ጠመንጃውን አጠገቡ ካለ የማንጎ ዛፍ ሥር አስደግፎት ተመለሰ። ጓደኞቹም እንዳይዝግባቸው እዚያው ደረደሩት። አባ ኬት የዚያን ቀን ጸሎት ሆነ ብለው አስረዘሙት። ጉልበታችን እስኪደነዝዝ አነበነቡ። ሲጨርሱ ሁሉም ረጥቦ ከበሮ ይመታ፣ ሕፃናት ዱቄት እየተቀባቡ ይሯሯጡ ነበር። ወደ ማንጎው ዛፍ መመለስ ያለበት መሆኑን ያስታወሰ ወታደር አልነበረም።

በአዲስ ዓመት ልጆች ወላጆቻቸውን ያጥባሉ። ሽማግሌዎቹ ወንበር ላይ ይደረደራሉ፣ የጃስሚን አበባ የተነሰነሰበት ውሃ በእንስራ ይቀርባል፣ ልጆቹም እያጠቧቸው በዓመቱ ላጠፉት ጥፋት ሁሉ ይቅርታ ይለምናሉ። የማዶ ሰዎችም ያንኑ እያደረጉ ነበር። ልክ እንደ እኛ። ይህ ራሱ አስገረመኝ፤ ለካ ሌላ ነገር የሚያደርጉ መስሎኝ ኖሯል።

ያት ሸክሟን አውርዳ ወደ አንዲት ሴት ጠጋ አለችና ሎን የትኛው እንደሆነ ጠየቀቻት። ሴቲቱ በአገጯ አመለከተቻት። አጭር፣ ራሰ በራ፣ ክራማ የሚሉትን ፎጣ ወገቡ ላይ ያሰረ ሰው ነበር። የገመትነውን አውሬ አይመስልም። የእንስራ ሻጭ ነው የሚመስለው።

ያት ቀጥ ብላ ሄደች። ሙሉ ባልዲ ውሃ አነሣችና ከአናቱ ላይ ገለበጠችበት።

ከበሮው ቆመ። ወታደሮቹ እጃቸውን ወደ ትከሻቸው ሰደዱ፤ እዚያ ግን ጠመንጃ የለም። በበዓል ቀን በውሃ የተቆጣ ሰው መሳቂያ ነው፤ የእሷን ፊት ያየ ግን ጨዋታ እንዳልሆነ ያውቃል። ሎን ዓይኑን ጠረገና ቀና ብሎ አያት።

"እናቴ፣ ተሳስተዋል" አላት። "ወላጅን የሚያጥበው ልጅ ነው።"

"ልጅ የለኝም" አለችው። "መሻገሪያው ላይ አንተ ወሰድክብኝ። ቬት ነበር ስሙ።"

እኔ አባ ኬትን ተመለከትሁ፤ አንድ ነገር ቢናገሩ ብዬ። እሳቸው ጃንጥላቸውን አጥፈው መሬት መሬት ያያሉ። ኋላ ለምን ዝም እንዳሉ ስጠይቃቸው፣ ሁለት ሰው ሲነጋገር ሦስተኛው ምን ይሠራል አሉኝ።

የተናገረችው የሎን ሚስት ናት፤ ቅድም በአገጯ ያመለከተችው ሴት። በዝግታ፣ እንደ ተራ ወሬ፣ እነሱም ሴት ልጅ እንደነበረቻቸው፣ ከተመለሱ በኋላ ከእኛ በኩል የተተኮሰ ሞርታር የጓሮውን ጉድጓድ ሲመታ ልጅቱ ውሃ እየቀዳች እንደነበረች ነገረቻት። ያት ይህን አታውቅም ነበር። ማናችንም አናውቅም ነበር። ያን ሞርታር የተኮሱ ቀን የእኛ ሰዎች ጨፍረው እንደነበር ግን ትዝ አለኝ። ያት ባዶውን ባልዲ እንደያዘች ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች።

ያን ጊዜ ሎን ከፊቷ ተንበረከከ። የውሃ መቅጃ ቅል አንሥቶ እጇን፣ ከዚያም እግሯን አጠበ። ልጆች ሁሉ የሚሉትን የይቅርታ ቃል አለ። ቃሉ ሲያልቅ ግን አልቆመም።

"መሻገሪያው ላይ ተኩሱ ያልኩት እኔ ነኝ" አለ። "ማን እንደሆነ አላየሁም። ባየውም ያን ቀን እተኩስ ነበር። ዛሬ ቢሆን አላደርገውም።"

ያት እግሯ ላይ የቀረውን የጃስሚን አበባ አራገፈች።

"ሰማሁህ" አለችው። "ይቅር ብዬሃለሁ አልልህም፤ ዛሬ አይሆንልኝም። ግን በበዓል ቀን የራበው ሰው ማየት አልወድም። ና ብላ።"

ስንመለስ በመንገድ ላይ በራሷ ተናደደች። ልትተፋበት ሄዳ አብልታው መጣች። አባ ኬት ንዴቷን ሰምተው፣ ይቅርታ እንደ ሩዝ ነው፣ ዛሬ ዘርተሽ ነገ አትበይውም፣ ለጊዜው ቡቃያውን አትርገጪው እንጂ ሌላ አልጠይቅሽም አሏት። እሷም መነኩሴ ሆኖ ስለ እርሻ መስበክ ቀላል ነው ብላ መለሰችላቸው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ተስተካከለ ብል ዋሸሁ። ሴቶች ለገበያ በሳንቃዎቹ ላይ መመላለስ ጀመሩ፤ ወንዶቹ ግን ምሽጋቸውን አልተዉም። በሰላሙ ውል የተባለው የአገሪቱ ምርጫ ደግሞ እየቀረበ ነው። ሰማያዊ ቆብ ያደረጉ የውጭ አገር ሰላም አስከባሪ ወታደሮች በመኪና ያልፋሉ፣ እጃቸውን ያውለበልባሉ፣ ይሄዳሉ። የየወገኑ ሰው በራዲዮ ይሰዳደባል።

ከእኛ ሚሊሻዎች አንዱ ፕሩም ይባላል። ክፉ ሰው አይደለም፣ የዘንባባ ጠጅ ግን ይወዳል። ምርጫው ሊደርስ ሲል አንድ ቀን ከመሸ በኋላ ጥበቃ ላይ ሳለ ወንዙ ዳር ጥላ ሲንቀሳቀስ አየና ተኮሰ። የወደቀው የሎን የእርሻ ጎሽ ነበር። ያለው እሱ ብቻ ነው፤ ዝናቡ ደግሞ ደርሷል፣ ሁሉም ሊያርስ ነው።

ጎህ ሲቀድ ማዶ ያሉት ምሽጋቸውን ሞልተውት አየን። የእኛዎቹም አሸዋ በሞላው ጆንያ ጀርባ ተኝተዋል። ገበያው አልተከፈተም። ሰዎች ዶሮና ማሰሮ በጋሪ ይጭናሉ። እኔም ምንጣፌን እየጠቀለልሁ ሳለ ያት ደረጃዬን ወጥታ መጣች።

"ሲም፣ ምድጃሽን ያዢና ነይ።"

"ወዴት?"

"ድልድዩ ላይ።"

አበድሽ ወይ አልኳት። እትዬ ያት፣ ሁለቱም ወገን ጣቱን ቃታ ላይ አድርጎ አንቺ ምድጃ ታሰቢያለሽ አልኳት።

"ሊጤ ተወቅጦ አልቋል" አለችኝ። "ገበያ የለም። እስከ ማታ ይኮመጥጣል። ጎሽ ሞተ ተብሎ ሊጥ ይጣላል እንዴ?"

ሊጡ ምክንያት እንደሆነ ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። ግን እንዲህ ያለ ነገር ሲነግሩህ ምን ትላለህ? ምድጃዬን ያዝሁ። ከኋላችን መነኩሲቶቹ ማገዶና ድስት ተሸከሙ። አባ ኬት ጃንጥላቸውን ይዘው መጡና ልክ መሐሉ ላይ፣ አራት ሳንቃ ጎን ለጎን በቀረበት ቦታ፣ እግራቸውን አጥፈው ተቀመጡ። መነኩሴ ከቀትር በኋላ አይበላም።

"ከቀትር በፊት ካላደረሳችሁ ለእኔ አይደርሰኝም" አሉን። "በዚህ ዕድሜዬ በከንቱ ልተኮስ አልፈልግም።"

እሳት አነደድን። የሚሊሻው አለቃ ከጆንያው ጀርባ ሆኖ ከዚያ እንድንነሣ ጮኸ። ያት ውሃው እስኪፈላ እንዲጠብቅ ነገረችው። ቆይቶ ከማዶ በኩልም ሌላ ድምፅ ያንኑ ጮኸ። ያትም ያንኑ መለሰች። አባ ኬት ዓይናቸውን ጨፍነው ለሁለቱም ወገን ደኅንነት እየጸለዩ፣ አንዳንዴ አንዱን ዓይን ከፍተው ድስቱን ያያሉ።

ውሃው ሲፈላ ከማዶ አንዲት ሴት ቅርጫት ይዛ ሳንቃው ላይ ወጣች። የሎን ሚስት ናት። ምንም ሳትናገር አጠገቤ ቁጭ አለችና ኪያር ትከትፍ ጀመር። እሷን ያዩ ሌሎች ተከተሉ። ጥቂት ቆይቶ ድልድዩ በሴት ተሞላ፤ ለመተኮስ የፈለገ ሁሉ የገዛ አክስቱን ሊመታ ነው። ያት ቆርቆሮውን ተጭና የመጀመሪያዎቹን ክሮች ለቀቀች። የመረቁ ሽታ በነፋሱ ወደ ሁለቱም ዳር ሄደ። ከትናንት ማታ ጀምሮ ምሽግ ውስጥ ያለ ሰው እህል አልቀመሰም።

"ጠመንጃ የያዘ ግን አይበላም!" ብላ ወደ ሁለቱም ወገን ተጣራች። "ሳህኑን በምኑ ሊይዝ ነው?"

አባ ኬት በልተው እጃቸውን ሲታጠቡ፣ ከእኛ በኩል አንድ ሰው ከጆንያው ጀርባ ተነሣ። ፕሩም ነው። ዓይኑ ከጠጁ የተነሣ ቀልቷል፣ ሁለት እጁን ከሰውነቱ አርቆ ባዶ መሆኑን እያሳየ በዝግታ መጣ። ከማዶ ማንም ተኩሶ ሊጥለው ይችል ነበር። እሱም ያውቃል፤ ቢሆንም ሳንቃውን አንድ በአንድ እየረገጠ ቀጠለ። በዚያኛው ጫፍ ደግሞ ሎን ባዶ እጁን ብቅ አለ።

መሐል ላይ ተገናኙ። ፕሩም ቁጢጥ አለና መዳፎቹን ግንባሩ ላይ አጋጠመ።

"አጎቴ፣ ጎሽዎን የገደልኩት እኔ ነኝ። ሰው መስሎኝ ነበር።"

ሎን ከላይ ወደ ታች አየው።

"ሰው ቢሆን ኖሮ ይሻል ነበር?"

ፕሩም አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ እንደገና ከፈተ። መልሱን በእውነት እየፈለገ ነበር። ያንን ፊት ያየችው ያት ራሷን መቆጣጠር አቃታት፤ ያ ወንዝ የሚሻገር ሳቋ ፈነዳ። እኔ ተከተልሁ፣ የሎን ሚስት ተከተለች፣ ከዚያ ሁለቱም ምሽግ። ሎን እስከ መጨረሻው ፊቱን አጠንክሮ ቆይቶ ተሸነፈ። ሲስቅ እንባው እየወረደ ነበር፤ ስለ ጎሹ ይሁን ስለ ሌላ አላውቅም።

ሽምግልናው እዚያው ሳህን ላይ አለቀ። ፕሩም በራሱ በሬዎች ዘንድሮ የሎንን መሬት ያርስለታል። የጎሹ ሥጋ ለሁለቱም ዳር ይከፋፈላል። አባ ኬት ለጎሹ ጸሎት አደረጉለት፤ በዚህ ወንዝ ዳር ካሉት ከብዙዎቻችን የበለጠ በትጋት ሠርቷልና በሚቀጥለው ልደቱ ጥሩ ቦታ ይገባዋል አሉ። የፕሩም በሬዎች ያረጁና ሰነፎች ሆነው ተገኙ። ሎን በዚያ ዓመት ምርት እስከ ዛሬ ያማርራል፤ ፕሩም ደግሞ መሬቱ ነው ድንጋያም ብሎ ይከራከራል። ሁለቱ ሲጨቃጨቁ ያየ ዘመዳሞች ናቸው ይላል።

በምርጫው ቀን የሁለቱም ዳር ሰው በአንድ ሰልፍ ቆመ። ሳንቃዎቹ በዚያው ሳምንት ተመልሰው በምስማር ተመትተው ነበር፤ በየቤቱ አልጋና የአሳማ ጋጣ ግድግዳ ሆነው ስላገኘናቸው አንዳንዶቹን መንቀሉ ያስቸግር ነበር። ጦርነቱ በሌላ በኩል ጥቂት ዓመት ቀጠለ፣ ፈንጂም ከመንደራችን ሰው ጎድቷል። በስቱንግ ቶች ድልድይ ላይ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ማንም አልተኮሰም።

ያት ስለ ይቅርታው ለብዙ ጊዜ አልተናገረችም። ከስንት ዓመት በኋላ አንድ ጠዋት፣ እኔ ወፍጮውን ሳዞር እሷ ሩዝ ስትጨምር፣ እንደ ዘበት ተናገረችው።

"ሲም፣ ትናንት ሎን ገበያ ላይ በዓሣ ዋጋ ሲከራከር አየሁት። ቬትን አላስታወሰኝም። ሎንን ብቻ ነው ያየሁት።"

ከዚያ ወፍጮው ደርቋል፣ ውሃ ጨምሪ ብላ ተቆጣችኝ።

አሁን አርጅታለች። ራሷን ተላጭታ፣ ነጭ ለብሳ ገዳሙ ውስጥ ትኖራለች። በተመስጦ ሰዓት ዝም ማለት ስለማይሆንላት አባ ኬት ብዙ ጊዜ ወደ ግቢው ያስወጧታል። ጎረቤት መንደር ሲጣላ ግን የሚልኩት እሷን ነው። ባለፈው ወር በዓሣ ኩሬ የተጣሉ ሁለት መንደሮች ዘንድ ሄዳ ቆየችብን። አባ ኬት ሰው ልከው መቼ እንደምትመለስ አስጠየቁ። የላከችው መልስ ይህ ነው፦

"እነዚህ ሰዎች ገና በደንብ አልተሰዳደቡም። ስድባቸው ሲያልቅ ይታረቃሉ፤ ያን ጊዜ እመጣለሁ።"